ባለ ሰንሰለት የድሮ ወታደራዊ ተሽከርካሪ ገዝቶ ማደስ፦ አዳማ ላይ የትኛው ያዋጣል?

አዳማ ውስጥ ይህን ጥያቄ ይዘው የሚመጡት ሰዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። አባቱ ታንከኛ የነበረና ያን ዘመን በእጁ መንካት የሚፈልግ አለ። በሎጁ ግቢ እንግዳ ቆም ብሎ የሚያየው ነገር ሊያቆም ያሰበ ባለሀብት አለ። ተማሪዎቹ ፈትተው የሚገጥሙት ከባድ ማሽን ያጣ የቴክኒክና ሙያ መምህር አለ። ጋራዡ ጀርባ ሰፊ ቦታ ያለው፣ እጁም ከብረት ጋር የተላመደ መካኒክ ደግሞ አለ። ለሁሉም የሚሰጠው ምክር ግን የተደበላለቀ ነው። አንዱ «ብረት ለበስ ፈልግ» ይላል፣ ሌላው «ዶዘር ይበቃሃል» ይላል፣ ሦስተኛው «ቼን (ሰንሰለቱ) ገንዘብ ይበላል፣ ኦራል የጭነት መኪና ግዛና ተገላገል» ይላል።

ሦስቱም ለሆነ ሰው ልክ ናቸው። ችግሩ ማን ለምን እንደሚገዛ ሳይጠየቅ መልስ መሰጠቱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መመዘኛውን እናስቀምጥ፣ ከዚያ አራቱን አማራጮች እንፈትሽ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ባለ ሰንሰለት ተሽከርካሪ የሚመረጠው በወረቀቱና በእግሩ፣ ማለትም በሰንሰለቱና ሰንሰለቱን በሚያዞሩት ክፍሎች ነው። የሞተ ሞተር ይነሳል፣ የዛገ ላሜራ ተቆርጦ ይበየዳል፣ ቀለም በሳምንት ያልቃል። ሰነድ የሌለውና እግሩ ያለቀ ማሽን ግን ገንዘብ ከበላ በኋላም ካለበት አይነሳም።

## አገር ውስጥ ያለው ብረት ከየት መጣ?

የአገራችን ባለ ሰንሰለት ወታደራዊ ተሽከርካሪዎች ታሪክ በሦስት ይከፈላል። መጀመሪያ ጣሊያን ይዟቸው የመጣው ትንንሾቹ ኤል-3 ታንኮች ናቸው፤ ሁለት ሰው የሚይዙ፣ ክብደታቸው ከ3 ቶን ብዙም የማይበልጥ። በታህሳስ 1928 የራስ እምሩ ጦር ደምበጉይና ላይ የገጠማቸውና ያሸነፋቸው እነዚህን ነው። ቀጥሎ በ1945 ከአሜሪካ ጋር ከተፈረመው የመከላከያ ስምምነት እስከ 1969 ድረስ የአሜሪካ ሥሪት ገባ፦ ኤም-24፣ ኤም-41፣ ኤም-47 ታንኮችና ኤም-113 ብረት ለበስ። ከ1969 በኋላ ደግሞ የሶቭየት ዘመን መጣ፦ ቲ-34፣ ቲ-54 እና ቲ-55፣ ቲ-62፣ ቢኤምፒ-1።

ይህ ክፍፍል ለአዳሹ የሥራ ጉዳይ ነው። የአሜሪካው ቡሎንና ዳዶ በኢንች የተሠራ ነው፤ የሶቭየቱ በሚሊሜትር። አዳማ ጋራዦች ውስጥ የሚገኘው የቁልፍ ሳጥን በአብዛኛው ባለ ሚሊሜትር ስለሆነ፣ የአሜሪካ ማሽን የገዛ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ሌላ ሙሉ የቁልፍ ስብስብ ያስፈልገዋል። ያለዚያ የቡሎኑን ጭንቅላት እያከበበ ሥራውን ያበላሻል።

## መመዘኛዎቹ

ወረቀት። የማንኛውም ባለ ሰንሰለት ወታደራዊ ተሽከርካሪ የመጀመሪያ ባለቤት መከላከያ ነው። ሻጩ የጨረታ አሸናፊነት ደብዳቤ፣ ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ሰነድ) ወይም ሌላ የባለቤትነት ሰነድ ካላሳየ ጉዳዩ እዚያው ይዘጋ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ስለሚከለክል፣ መድፍ ወይም መትረየስ የተገጠመበትን ነገር «አሮጌ ነው፣ አይሠራም» ብሎ መግዛት መዘዝ ያመጣል። በጦር ሜዳ የቀረ የጣሊያን ዘመን ብረት ደግሞ ቅርስ ሊሆን ይችላል፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ጉዳዩ ለቅርስ ባለሥልጣን ይቀርባል እንጂ በሎቤድ (ከባድ ማሽን በሚጫንበት ዝቅ ያለ ተጎታች) ተጭኖ ወደ ግቢ አይገባም።

ከውጭ አስገባለሁ የሚል ሰው ሐሳቡን ይተው። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባረጀ ተሽከርካሪ ላይ ታክሱን በእጅጉ አክብዶታል፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። የሚታሰበው አገር ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

እግር። እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቆይ፣ ምክንያቱም በከባድ ማሽን ከጥገና ወጪ ግማሽ ያህሉ የሚሄደው ወደዚህ ነው። እግር ስንል ቼኑን ከነፒኑ (መጋጠሚያዎቹን የሚያያይዘው ዘንግ) እና ከነቡሹ (ፒኑ የሚገባበት ቱቦ)፣ መሬት የሚረግጠውን ሹ፣ የታችኛውንና የላይኛውን ሮለር፣ ከፊት ያለውን አይድለርና የሚጎትተውን ስፕሮኬት ማለታችን ነው። አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ይዞ ይሄዳል። ፒንና ቡሹ ተፋቅቶ ሲሳሳ ቼኑ ይረዝማል፤ የረዘመ ቼን በስፕሮኬቱ ጥርስ ላይ ትክክል አይቀመጥም፤ ጥርሱን እየላገ ያሾለዋል። በዚህ ጊዜ አዲስ ቼን ብቻ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው፤ የሾለው ጥርስ አዲሱን ቡሽ በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል።

ምርመራው ዘመናዊ መሣሪያ አይጠይቅም። ስፕሮኬቱ ጋ ቁጭ ይበሉና ጥርሱን በጣትዎ ይዳስሱ። ጤነኛ ጥርስ ጫፉ ሰፋ ያለ፣ ግራና ቀኙ እኩል ነው። ያለቀው እንደ እሾህ ሾሎ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ነው። ከዚያ ቼኑን ይወጥሩት፤ አንድ ትርፍ ፒን በስፕሮኬቱ ጥርስና በቼኑ መሀል አስገብቶ ማሽኑን ትንሽ ወደ ኋላ ማስኬድ በቂ ነው። በብረት ሜትር ከአንዱ ፒን ጠርዝ ተነስተው አራት መጋጠሚያ አልፈው እስከ አምስተኛው ፒን ተመሳሳይ ጠርዝ ይለኩ፤ ቁጥሩን ከማሽኑ መጽሐፍ ጋር ያስተያዩ። ሻጩ «ቼኑ ገና ነው» ሲል ለመከራከር የሚያስችለው ይህ ቁጥር ብቻ ነው።

የአዳማ አፈር ለእግር ምሕረት የለውም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነንና ከእሳተ ገሞራ የመጣው ሻካራ አሸዋ ፒንና ቡሽ መሀል ገብቶ ቀን ሙሉ ይፈጫል። ዘይት የታሸገበት ቼን ይህን ይችላል፤ የድሮዎቹ ማሽኖች ቼን ግን በአብዛኛው ደረቅ ነው፣ አሸዋውን የሚከለክል ነገር የለውም። ወደ ወንጂ ወረድ ሲሉ ደግሞ ጥቁሩ መረሬ በክረምት ሮለሮቹ መሀል ገብቶ ይደርቃል፤ ማታ ካልጸዳ ጠዋት ሮለሩ አይዞርም፣ የማይዞር ሮለር ደግሞ በአንድ ጎኑ ይላጋል።

ማጓጓዝ። በብረት ሰንሰለት አስፋልት ላይ መሄድ መንገዱን ያርሳል፤ የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድማ አይታሰብም። ስለዚህ ማሽኑ በሄደ ቁጥር ሎቤድ አብሮ ይከፈላል። በዚህ አዳማ የታደለች ናት፤ የጂቡቲ መስመር ላይ ነች፣ ሞጆ ደረቅ ወደብም ቅርብ ነው፣ ከባድ ጭነት የለመደ ሾፌር አይጠፋም።

ሞተር፣ መለዋወጫና የሚነዳበት ቦታ። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። ሞተሩ በጭነት መኪና ወይም በትራክተር ላይ ያለ ዓይነት ነው ወይስ ለዚያ ታንክ ብቻ የተሠራ? የጎደለውን ዕቃ ቶርኖ ቤት ሊሠራው ይችላል? ተጠግኖ ሲነሳስ የት ይሄዳል? ሦስተኛውን አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው ከገዛ በኋላ ነው። በከተማ ቦታ ላይ ባለ ሰንሰለት ማሽን ማስነሳት የጎረቤትን ግድግዳ ማንቀጥቀጥ ነው።

## አማራጭ 1፦ ታንክ

ቲ-55ን ምሳሌ እናድርግ። 36 ቶን ይመዝናል። 12 ሲሊንደር ያለው የናፍጣ ሞተሩ 38.8 ሊትር ነው፣ 580 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል፤ የቲ-34 ሞተር ዘር ነው። በተጨመቀ አየርም ይነሳል፤ የአየር ጠርሙሶቹ ከሾፌሩ ፊት ናቸው። 960 ሊትር ናፍጣ ይዞ በመንገድ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። የዛሬውን የነዳጅ ሰልፍ የሚያውቅ ሰው ቀሪውን ያሰላዋል።

ለግለሰብ ይህ አማራጭ ዝግ ነው፣ መዘጋቱም ተገቢ ነው። ክፍት የሚሆነው ለተቋም ነው፦ ለሙዚየም፣ ለመታሰቢያ ሐውልት፣ ለዩኒቨርሲቲ፤ እሱም ከመከላከያ ሚኒስቴር በጽሑፍ ሲፈቀድና መሣሪያው በሚመለከተው አካል ከጥቅም ውጭ ሲደረግ። በዚያን ጊዜ ሥራው ማስነሳት አይደለም፣ ማቆየት ነው። ዘይት፣ ናፍጣና ባትሪ ይወጣል፤ ውሃ እንዳያቁር ታች ያሉት ማፍሰሻዎች ይከፈታሉ፤ ሕፃናት እንዳይገቡና እንዳይታፈኑ ክዳኖቹ ይበየዳሉ፤ ዝገቱ ተፍቆ አንቲረስት ይቀባል፤ ከሥሩ ኮንክሪት ይሠራል። ካራማራን የሚያስታውስ አንድ ታንክ በደንብ ተይዞ ከነታሪኩ ሲቆም ለትውልድ ትልቅ ትምህርት ነው። ሣር በቅሎበት፣ ክዳኑ ተገንጥሎ፣ የቆሻሻ መጣያ ሆኖ ሲታይ ግን በላዩ ላይ ሕይወታቸውን የሰጡትን ማሳነስ ነው። የሚጠብቀው ሰውና በጀት ያልተመደበለት ተቋም ባይጠይቅ ይሻላል።

## አማራጭ 2፦ ቀላል ብረት ለበስና ወታደራዊ ጎታች

ኤም-113 እና የሶቭየቱ ኤምቲ-ኤልቢ እዚህ ይመደባሉ፤ ሁለቱም 12 ቶን አካባቢ ናቸው። ከማደስ አንጻር ሲታዩ ከታንክ በእጅጉ የቀለሉ ናቸው። ኤምቲ-ኤልቢ የተገጠመለት ያምዝ-238 ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ማዝና ክራዝ የጭነት መኪኖች ላይ ያለው ቤተሰብ ነው፤ ሞተሩን የሚያውቀው መካኒክ ብዙ ነው። ኤም-113 በመጀመሪያ የቤንዚን ሞተር ነበረው፤ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራው ኤ1 ግን 212 የፈረስ ጉልበት ባለው ዲትሮይት ዲዝል 6ቪ53 ይሄዳል።

ችግሮቹ ሌላ ቦታ ናቸው። የኤም-113 አካል አሉሚኒየም ነው። አይዝግም፣ ይህ ጥሩ ነው፤ ሲሰነጠቅ ግን ተራው የኤሌክትሮድ ብየዳ አይዘውም፣ በአርጎን ጋዝ አሉሚኒየም መበየድ የሚችል ባለሙያ ይፈልጋል። ሰንሰለቱ ደግሞ ጎማ አለበት፤ ቡሹ ውስጥ ጎማ፣ ሹው ላይ የጎማ ፓድ፣ ሮለሩ ዙሪያ ጎማ። በአዳማ ፀሐይ ዓመታት ቆሞ የከረመ ጎማ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ በዓይን ደህና መስሎ በሁለተኛው ኪሎ ሜትር ይገነጠላል። ይህን ጎማ አገር ውስጥ የሚሠራልዎ ቶርኖ ቤት የለም።

ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ምክር አብዛኛው የእንግሊዝ አገር ሰብሳቢዎች ምክር ነው። እዚያ መሣሪያው የወጣለትን ኤፍቪ-432 ወይም የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ዩኒቨርሳል ካሪየር አንድ ግለሰብ በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ፣ የጎማ ፓድ ገጥሞ መንገድ ላይ ሊያወጣው ይችላል። «ለጀማሪ ቀላል ብረት ለበስ ይሻላል» የሚባለው ከዚያ የመጣ ነው፤ ለዚያ አገር እውነት ነው። እዚህ ግን ሰነዱ ራሱ አማራጩን ይዘጋዋል። ሰነዱ ሙሉ የሆነ ብርቅ አጋጣሚ ካልተገኘ በስተቀር በዚህ ላይ ጊዜ አያጥፉ።

## አማራጭ 3፦ የጦር ሠራዊት ዘር ያለው ባለ ሰንሰለት ትራክተርና ዶዘር

እኔ በሙሉ ልብ የምመክረው ይህን ነው፣ ምክንያቱም ታንክ ራሱ የተወለደው ከዚህ ነው። እንግሊዞች በ1916 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹን ታንኮች ወደ ጦር ሜዳ ሲያወጡ ሐሳቡን የቀሰቀሰው መድፍ ይጎትት የነበረው የሆልት ሰንሰለታማ ትራክተር ነበር። ሆልት በ1925 እ.ኤ.አ. ከቤስት ኩባንያ ጋር ተዋህዶ ካተርፒላር ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ መሐንዲስ ጦር አየር ማረፊያና መንገድ የጠረገው በካተርፒላር ዲ7 ነው። በሶቭየት በኩል ደግሞ የቼልያቢንስክ ትራክተር ፋብሪካ በጦርነቱ ዓመታት ታንክ አምራች ከመሆኑ የተነሳ ከተማው «ታንኮግራድ» ተባለ፤ ያው ፋብሪካ በኋላ ቲ-100 እና ቲ-130 ዶዘሮችን ሠራ። ዲቲ-75 ትራክተር የወጣበት የቮልጎግራድ ፋብሪካም የስታሊንግራድ ጦርነት በሩ ላይ እስኪደርስ ድረስ ቲ-34 ሲያመርት ነበር። ዲ7 ወይም ቲ-130 ያደሰ ሰው የዚህን ታሪክ አንድ ቅርንጫፍ በሕጋዊ ሰነድ በግቢው አቆመ ማለት ነው።

በመመዘኛዎቹ ሲታይም ያሸንፋል። የልማት ማሽን ነውና ከመንግሥት ድርጅቶችና ከእርሻዎች በሐራጅ ሲሸጥ ከሰነዱ ጋር ይመጣል። ቼኑ ሙሉ ብረት ነው፣ ፀሐይ አያደርቀውም። ለዶዘር ቼን ፒንና ቡሽ የሚነቅል ፕሬስ ያላቸው ወርክሾፖች አሉ፤ ቡሹ በአንድ ጎኑ ካለቀ ግማሽ ዙር አዙሮ መልሶ መግጠም ይቻላል፣ ይህም የቼኑን ዕድሜ ያረዝማል። የዲቲ-75 ቼን ደግሞ ከዚህም ይቀላል፤ ከብረት የተቀዳ መጋጠሚያና ፒን ብቻ ስለሆነ ፒኑ በመዶሻ ተመትቶ ይወጣል፣ ጎበዝ ቶርነሪ ሌላ ፒን ሊሠራለት ይችላል።

አዳማ ላይ ሌላም ዕድል አለ። በደርግ ዘመን የሶቭየት ትራክተሮች የሚገጣጠሙት እዚሁ ናዝሬት ትራክተር ፋብሪካ ነበር፤ ወንጂ ደግሞ ከ1946 ጀምሮ ስኳር የሚያመርት፣ ከባድ የእርሻ ማሽን የኖረበት አካባቢ ነው። በእነዚህ ቦታዎች እጃቸውን ያፍታቱ፣ ዛሬ ጡረታ የወጡ ባለሙያዎች ከተማው ውስጥ አሉ። ከግዢ በፊት አንዱን ይዞ መሄድ የትኛውንም መጽሐፍ ከማንበብ ይበልጣል። ማሽኑ አሥር ሜትር ወደ ፊት ሲሄድ አጠገቡ እየተራመዱ ይሰማሉ፣ ከዚያ «ጋሼ፣ እንዴት ነው?» ሲሏቸው «የግራው ሦስተኛ ሮለር ኩሽኔታ የለውም፣ ካምቢዮው ግን ደህና ነው» ይሉዎታል። እጅ ባልነካው ማሽን ላይ በድምፅ ብቻ ይህን የሚናገር ሰው እያለ በሻጩ ቃል መመራት አይገባም፤ ለዕውቀታቸውም ተገቢው ይከፈላቸው።

የእነዚህ ማሽኖች ልዩ ደስታ አነሳሳቸው ነው። የድሮው ዲ7፣ ቲ-130 እና የመጀመሪያዎቹ ዲቲ-75 ትልቁ የናፍጣ ሞተር የሚነሳው በትንሽ የቤንዚን ሞተር ነው። መጀመሪያ ትንሹ ይነሳና በቀጭን ድምፅ ይጮኻል። በዲ7 እና በቲ-130 የሁለቱ ሞተሮች የማቀዝቀዣ ውሃ አንድ ስለሆነ የትንሹ ሙቀት ትልቁን ያሞቀዋል። ከዚያ የትልቁን ሞተር መጭመቂያ የሚያላላው ማንሻ ይከፈታል፣ የትንሹ ሞተር ፍሪሲዮን ይያያዛል፣ ትልቁ ያለ ጭነት መዞር ይጀምራል። የዘይቱ መለኪያ ከፍ ሲል ማንሻው ይዘጋል፣ ናፍጣ ይሰጠዋል፤ አንዱ ሲሊንደር ይመታል፣ ሁለተኛው ይከተላል፣ ጥቁር ጭስ ወጥቶ ሞተሩ ይነሳል። ይህ ሥርዓት ሙሉ ሆኖ መገኘቱ ለታሪካዊ ዋጋው ወሳኝ ነው። ብዙ ማሽኖች ላይ ትንሹ ሞተር ተነቅሎ በሞተሪኖ ተተክቷል፤ ለሥራ ከሆነ ችግር የለውም፣ ለእድሳት ከሆነ ግን ዋጋው በዚያ ልክ መቀነስ አለበት።

ድክመቱም አይደበቅ። ቲ-130 ወደ 14 ቶን ይመዝናል፤ በቤት ክሪክ አይነሳም፣ ለእያንዳንዱ ከባድ ክፍል ክሬን ወይም ጠንካራ ሰንሰለታማ ማንሻ ይፈልጋል። ዲቲ-75 በክብደት ግማሹ ስለሆነ ቦታ ላጠረው ሰው ይሻላል። ከሁሉ በላይ ግን የታደሰው ዶዘር ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ የእርሻ ማሳ ማስተካከል፣ የውሃ ማቆሪያ መቆፈር፣ መንገድ መጥረግ። ከአራቱ አማራጮች ወጪውን በከፊል የሚመልሰው ባለ ሰንሰለት ይህ ብቻ ነው።

## አማራጭ 4፦ ወታደራዊ ባለ ጎማ

ለሠራዊቱ ዘመን ፍቅር ያለው፣ ግን ቼን የግድ ነው የማይል ሰው እዚህ ይቁም። ዋዝ-469 ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራ፣ 2.4 ሊትር ገደማ የቤንዚን ሞተርና 75 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ማንኛውም መካኒክ መንገድ ዳር የሚፈታው መኪና ነው። የድሮ ላንድሮቨርና ጂፕም እዚሁ ይመደባሉ። ሊብሬና ቦሎ ይዞ በአስፋልት ይሄዳል፣ አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል፣ ብዙው ዕቃ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል፤ ሰርግ ላይም ይከራያል።

ኦራል ላይ ግን ሞተሩን ሳያዩ አይስማሙ። ኦራል-375ዲ 7 ሊትር የቤንዚን ሞተር አለው፣ በ100 ኪሎ ሜትር ከ45 ሊትር በላይ ይጠጣል። ከ1977 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጣው ኦራል-4320 በ210 ፈረስ ጉልበት የካማዝ ናፍጣ ሞተር የሚሄድ ስለሆነ መለዋወጫውም ፍጆታውም የሚቻል ነው። ከውጭ ሲታዩ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ፤ በወጪ ግን አይገናኙም።

## በአንድ እይታ

| መመዘኛ | ታንክ | ቀላል ብረት ለበስ | ባለ ሰንሰለት ትራክተርና ዶዘር | ወታደራዊ ባለ ጎማ |
|---|---|---|---|---|
| ለግለሰብ ሕጋዊነት | አይቻልም፣ ለተቋም በፈቃድ | እጅግ አዳጋች | ሰነድ ካለው ይቻላል | ሊብሬ ካለው ይቻላል |
| ክብደት (ምሳሌ) | 36 ቶን (ቲ-55) | 12 ቶን አካባቢ | ከ7 እስከ 14 ቶን ገደማ | ከ2 ቶን በታች (ዋዝ) |
| የእግር ጥገና | ከባድ፣ በግል ጋራዥ አይሞከርም | ጎማው ፈተና ነው | ፕሬስና ቶርኖ ይበቃዋል | ጎሚስታ ይበቃዋል |
| ሞተር | ለታንክ ብቻ የተሠራ | የጭነት መኪና ዘር | የትራክተር፣ ቀላል አሠራር | በየጋራዡ የሚታወቅ |
| ማጓጓዣ | ልዩ ሎቤድና የመንገድ ፈቃድ | ሎቤድ | ሎቤድ | በራሱ ይሄዳል |
| ገቢ | የለውም | የለውም | የመሬት ሥራ ኪራይ | ሰርግ፣ ጉዞ፣ ጭነት |
| የእድሳት ወጪ | ለማቆየት ብቻም ከፍተኛ | ከፍተኛ | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |

## ለማን የትኛው?

ገንዘቡ ጠበብ ያለ፣ ቅዳሜና እሑድ በእጁ የሚሠራ ሰው ዋዝ ይግዛ። ሲሰለቸው ገዢ ያገኛል፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቢያቆመውም ግቢውን አይዘጋበትም።

«ቼን ካልሆነ አይሆንልኝም» የሚል፣ ከከተማ ወጣ ያለ ቦታ ያለው ሰው ዲቲ-75 ወይም ትንሽ የድሮ ካተርፒላር ይፈልግ። በጀቱን ሲያወጣ ለግዢ የያዘውን ያህል ለእግር ብቻ ይያዝ፣ ሎቤዱንና ክሬኑን ደግሞ ለብቻ ይቁጠር። ይህ ስሌት ከከበደው ግዢውን ያቆየው፤ ተፈትቶ የቀረ ማሽን ከቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሌላ ገዢ የለውም።

ለሎጅና ለሪዞርት ባለቤት የምለው ትንሽ ይለያል። እንግዳ የሚስበው የቆመ ነገር ሳይሆን የሚነሳ ነገር ነው። በወር አንዴ የቤንዚን ሞተሯ ተነስታ ትልቁን ስትቀሰቅስ የሚታይ ቲ-130 ወይም ዲ7፣ በአጠገቡም ታሪኩን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚናገር ሰሌዳ ይቁም። የውሸት መድፍ ገጥሞ ታንክ ማስመሰል ግን አይደረግ፤ ማሽኑ የራሱ በቂ ክብር አለው፣ ማስመሰሉም ጥርጣሬና ጥያቄ ያስከትላል።

የቴክኒክ ኮሌጅ ከሆነ ሙሉ ጤነኛ ማሽን መግዛት ብክነት ነው። እግሩ ደህና፣ ሞተሩ ግን ተይዞ አልዞር ያለ ዶዘር በሐራጅ ርካሽ ነው፣ ለተማሪ ደግሞ ከዚህ የተሻለ መማሪያ የለም። ቴስታታው ይወርዳል፣ ጓርኒሲዮኑ ይለወጣል፣ ፖምፓው ይስተካከላል፤ አንድ ክፍል የጀመረውን ቀጣዩ ክፍል ይጨርሰዋል።

## ገንዘብ ከመክፈል በፊት፣ ቁልፍ ከመያዝ በፊት

ማሽኑ ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ ይታይ። ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀዎት ሌላ ቀን ይመለሱ። ዘይቱን በዘንግ አውጥተው ይዩ፤ ወተት መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል። ቼኑ በሁለቱም ጎን እኩል መላላቱን፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እኩል መታጠፉን ይፈትሹ፤ በአንድ ጎን ብቻ የሚታጠፍ ማሽን የመሪ ፍሪሲዮኑ አልቋል። በማሽኑ ላይ የተመታው የሻሲ ቁጥር ከሰነዱ ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት።

ከጦር ሜዳ የተነሳ ማንኛውም ብረት ውስጥ ያልፈነዳ ጥይት ሊኖር ይችላል። እንዲህ ዓይነቱን አይንኩ፣ አይቁረጡ፣ አይበይዱ፤ ለፖሊስ ይነገር። በድሮ ወታደራዊ ዳሽቦርድ ላይ በጨለማ የሚያበሩ መለኪያዎች ቀለማቸው ራዲየም ሊሆን ስለሚችል መስታወታቸው አይከፈት፣ ቀለሙም አይፋቅ። የድሮ ፍሬንና ፍሪሲዮን ሸራ አስቤስቶስ አለበት፤ በአየር ግፊት መንፋት ሳንባ ያጠፋል፣ በውሃ አርጥቦ በጨርቅ መጥረግ ነው። በክሪክ ብቻ የተነሳ ማሽን ሥር ማንም አይግባ፣ ወፍራም ጣውላ ይደገፍበት።

አንዱን ደግሞ ሠራተኛዎም፣ ልጅዎም በቃሉ ይያዘው። በግራሶ የሚወጠር ቼን ላይ ሲሠሩ በማላሊያው ቫልቭ ውስጥ ያለው ግራሶ ሥጋ የሚበሳ ግፊት ያለው ነው። ቫልቩ የሚፈታው ቀስ ተብሎ፣ ከአንድ ዙር ሳያልፍ፣ ፊትም እጅም ከፊቱ ዞር ብሎ ነው። ግራሶው አልወጣ ካለ የባሰ አይፍቱት፤ ማሽኑን ትንሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያስኪዱት፣ ራሱ ይለቃል።